ባግስ የሚባል ሰው ነበር

ባግስ ባኒ ስሙን የወረሰው ከሰው ነው። ጥንቸሉን የማያውቅ የለም። ካሮቱን እየቆረጠመ፣ ጠመንጃ የደገነበትን አዳኝ እንደ ሰፈር ልጅ የሚያናግረው ያ ግራጫ ጥንቸል። ሰውየውን ግን አሜሪካ ውስጥ እንኳ ከካርቱን ወዳጆች በቀር የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ጆሴፍ ቤንሰን ሃርዳዌይ ይባላል። ፊልሞቹ ላይ ቤን ሃርዳዌይ ተብሎ ተጽፏል። ጓደኞቹ ደግሞ ባግስ ይሉት ነበር፤ ነካ ያደረገው፣ ወፈፍ የሚያደርገው ለማለት።

ሰሞኑን የዚህን ሰውዬ ሥራዎች እያሳደድኩ ሳይ ነው የከረምኩት። አብዛኞቹ ስድስት ሰባት ደቂቃ ናቸው፣ ያፈላችሁት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብዙዎቹ ጥሩ አይደሉም። አንዳንዶቹማ ጭራሽ አያስቁም። ግን ማየቴን ማቆም አልቻልኩም፤ ምክንያቱም በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ አንድ ሰው አንዲት ሐሳብ ይዞ ከስቱዲዮ ስቱዲዮ ሲዞር ይታያል። ሐሳቧ ይቺ ናት፦ ታዳኙ ከአዳኙ ይልቅ ያበደ ቢሆንስ? በቃ፣ ከዚህ የዘለለ ብዙም የለውም። ይቺ አንዲት ሐሳብ ግን ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸው ሁለት ገጸ ባሕርያት ወጥተውባታል።

የተወለደው በ1895 ቤልተን በምትባል የሚዙሪ ከተማ ነው፤ ለካንሳስ ሲቲ ቅርብ ናት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።) በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቷል። የመድፈኛ ወታደር ነበር፣ ማዕረጉም ሳጅን። የመድፍ ክፍሉ አዛዥ ደግሞ ሃሪ ትሩማን የሚባል ሻምበል ነበር። አዎ፣ ያው ትሩማን፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው። ለታሪካችን ምንም አይጨምርም፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶ ሳይናገሩ ማለፍ ይከብዳል።

ወደ ካርቱን የገባው በማስታወቂያ በር ነው። ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ፊልም አድ የሚባል ድርጅት ነበር፤ ሲኒማ ቤቶች ከዋናው ፊልም በፊት የሚያሳዩትን አጫጭር ማስታወቂያ ይሠራል። ከወረቀት የተቆረጡ ምስሎችን መገጣጠሚያቸው ላይ ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሱ ካሜራ ሥር አንድ በአንድ ያነሡ ነበር። ዋልት ዲዝኒ በ1920 እዚያ ተቀጥሮ ነው የካርቱን ሥራውን የጀመረው። ሚኪ ማውስን የሳለው አብ አይወርክስም እዚያ ነበር። በኋላ የዋርነር ካርቱን ምሰሶ የሆነው ፍሪዝ ፍሬለንግም የተነሣው ከዚያው ከተማ፣ ከዚያው ቤት ነው። የሆሊውድ ካርቱን ሲባል ሁላችንም የምናስበው የካሊፎርኒያን ፀሐይ ነው። ከሰዎቹ ብዙዎቹ ግን የመጡት ከመሃል አገር፣ ሸቀጥ ከሚያሻሽጥ ቤት ነው። እኔም ማስታወቂያ ቤት ሠርቼ አውቃለሁና ይሄ ደስ ይለኛል። በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ሰውን ፈገግ አሰኝቶ ሳሙና መሸጥ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ትዕግሥት ግን አያስተምርም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ካሊፎርኒያ ከገባ በኋላ አይወርክስ ዲዝኒን ትቶ ባቋቋመው ስቱዲዮ ሠራ። ከዚያ ሊዮን ሽሌሲንገር ዘንድ ገባ። ሽሌሲንገር የካርቱን ሰው አልነበረም፤ ለፊልሞች ርዕስና ጽሑፍ የሚሠራ ድርጅት ባለቤት ነው። ለዋርነር ብራዘርስ ካርቱን ያቀርብ ነበር። በ1933 ዋና ሠራተኞቹ ሃርማንና አይሲንግ በገንዘብ ሳይስማሙ ቀሩና ቦስኮ የሚባለውን ገጸ ባሕርያቸውን ይዘው ውልቅ አሉ። ሽሌሲንገር ከዲዝኒም ከየትም ያገኘውን ሰው ሰበሰበ። ሃርዳዌይን የቀጠረው በቀልድ ጸሐፊነት ነው።

ስለዚህ ሥራ ትንሽ ላውራ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ካርቱን የሚጻፍ አይመስለውም። ቢመስለውም እንደ ድራማ ቃለ ተውኔት ተጽፎ፣ ወረቀቱ ለሠዓሊ የሚሰጥ ነው የሚመስለው። በዚያ ዘመን ቀልድ ጸሐፊ የሚጽፈው በእርሳስ ሥዕል ነበር። ቀልዱ የዓይን ቀልድ ነው። በር ሲከፈት ከኋላው ሌላ በር፣ ከዚያ ኋላ ሌላ በር፣ መጨረሻ ላይ ግድግዳ። እያንዳንዱን በትንሽ ወረቀት ይስልና ግድግዳ ላይ በመርፌ ይሰካል። ከዚያ ዳይሬክተሩና ሌሎቹ ይጠሩና ፊታቸው ቆሞ ይጫወተዋል፤ ዳክዬውንም አሳማውንም ሆኖ፣ ድምፃቸውን እያወጣ፣ ሲያስፈልግ ወለል ላይ እየተንከባለለ። ክፍሉ ከሳቀ ሥዕሉ ይቆያል። ካልሳቀ ከግድግዳው ይነሣል። ትልቅ ሰው፣ የጦር ሜዳ ሳጅን፣ ሱሪው በአቧራ ተለውሶ እንደ ዳክዬ ሲጮህ አስቡት። ደሞዝ የሚከፈለው ለዚህ ነው።

ዲዝኒ ለመጀመሪያው ረጅም ፊልሙ ለእያንዳንዱ ተቀባይነት ላገኘ ቀልድ አምስት ዶላር ይከፍል ነበር። የሽሌሲንገር ቤት እንዲህ ያለ ቸርነት አያውቅም። ከዚያው ቤት ዳይሬክተሮች አንዱ የነበረው ቸክ ጆንስ ግን ስለዚያ ቤት ያወራው አንድ ልማድ አለ። አዲስ ታሪክ ሲጀመር ዳይሬክተሮቹና ጸሐፊዎቹ ለሁለት ሰዓት ያህል ይሰበሰባሉ፤ በዚያ ስብሰባ ላይ «አይሆንም» ማለት ክልክል ነው። ወይ ሐሳቡ ላይ ትጨምራለህ፣ ወይ ዝም ትላለህ። እኔ በሕይወቴ ከገባሁባቸው ስብሰባዎች ውስጥ አንዱ እንኳ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ፀጉሬ ባልሸበተ።

ታዲያ ቀልድ መጻፍና ካርቱን መምራት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ጸሐፊው አለቱ ከገደል እንደሚወድቅ ይናገራል። ዳይሬክተሩ ደግሞ አለቱ ከመውደቁ በፊት ስንት ፍሬም፣ ማለትም ስንት ነጠላ ምስል፣ አየር ላይ እንደሚቆይ ይወስናል። አንድ ሰከንድ 24 ፍሬም ነው። ስምንት ፍሬም ቢቆይ ያስቃል፣ አሥራ ስድስት ቢቆይ ይሞታል፣ ወይም የተገላቢጦሽ። ይሄ ሁሉ ሥዕሉ ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ላይ ተቆጥሮ ይሰፍራል። ስህተት ከሆነ የሚታወቀው ወራት ካለፉ፣ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ነው። ሃርዳዌይ የመጀመሪያውን ሥራ በደንብ ያውቅበታል። ሁለተኛውን ሁለት ጊዜ ሞክሮታል።

የመጀመሪያው ሙከራ ባዲ ነው። ቦስኮን እንዲተካ የተፈጠረ ልጅ። ባዲ ለካርቱን ታሪክ ያበረከተው ነገር ቢኖር እንቅልፍ ነው። ጸባይ የለው፣ ቁጣ የለው፣ ፍላጎት የለው። ሃርዳዌይ በ1934 እና በ1935 የተወሰኑትን መራ። አንዱ በጁላይ 1935 የወጣው፣ ባዲ አፍሪካ የሚሄድበት ነው። ጥቁር ሰዎቹ የተሣሉት በዘመኑ የማላገጫ ሥዕል ነው፤ ወፍራም ከንፈር፣ የፈጠጠ ዓይን። ከሦስት ወር በኋላ፣ በኦክቶበር፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረ። ሁለቱ አይገናኙም፣ አውቃለሁ። ግን ያን ፊልም ሳየው ዓመተ ምሕረቱን ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልኩም። የአሜሪካ ሲኒማ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው በዚያ ዓመት ስለ አፍሪካ የሚያየው ሥዕል ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም። ይሄንን ዘልዬ ስለ ጥንቸሉ ብቻ ባወራ ደግሞ ከራሴ ጋር እጣላለሁ።

ባዲ በ1935 ተቀበረ፣ ሃርዳዌይም ወደ ጽሑፉ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ቴክስ ኤቨሪ የሚባል የቴክሳስ ልጅ ስቱዲዮው ገባ። የኤቨሪ ቡድን የተሰጠው ምስጥ የወረሰው የእንጨት ቤት ነበር። የዋርነር ካርቱን መልክ የተለወጠው እዚያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኤፕሪል 1937 ኤቨሪ ፖርኪ የሚባለውን አሳማ ዳክዬ አደን ላከው። ዳክዬው ከመሸሽ ይልቅ ውኃው ላይ እየተገለባበጠ፣ እየጮኸ፣ አዳኙን መሳቂያ አደረገው። ያ ዳክዬ ዳፊ ዳክ ነው። ተመልካቹ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም ነበር፤ እስከዚያ የካርቱን እንስሳ ቢያምርም ቢሮጥም ጤነኛ ነበር።

በዚያው ዓመት ፍሬለንግን ኤምጂኤም የሚባለው ተፎካካሪ ስቱዲዮ አስኮብልሎ ወሰደው። የዳይሬክተር ወንበር ክፍት ሆነ። ወንበሩ ላይ ሃርዳዌይ ተቀመጠ፤ ከአኒሜተሩ ካል ዳልተን ጋር። ሁለተኛው ሙከራ ይሄ ነው። ሃርዳዌይ ምን አደረገ? የዳክዬውን ፊልም ወስዶ ዳክዬውን በጥንቸል ለወጠው። የስቱዲዮው ባልደረባ ቦብ ክላምፔት በኋላ እንደተናገረው ደግሞ ከዳክዬው ፊልም የተረፉ ቀልዶች ነበሩ፣ የጥንቸሉ ፊልም ከእነሱ ነው የተሰፋው።

«የፖርኪ የጥንቸል አደን» የወጣው በኤፕሪል 30፣ 1938 ነው። ደግሜ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ጥንቸሉ ነጭ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ፊቱም ገና ፊት አልሆነም። ጆሮዎቹን እንደ ሄሊኮፕተር እያሽከረከረ ይበራል። ይዘላል፣ ይጮኻል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል። ፖርኪ መጨረሻ ላይ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ጥንቸሉ አበባ ይዞ ሊጠይቀው ይመጣል፤ በቅርቡ እወጣለሁ ሲለው የታሰረ እግሩን ጎትቶ እንደገና ያሳምመዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይስቃል። የሚስቅለት የድምፅ ተዋናዩ ሜል ብላንክ ነው፤ ብላንክ እንደተናገረው ያንን ሳቅ ተማሪ እያለ በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ እያስተጋባ ይለማመደው ነበር። ሳቁን ከሰማችሁት ወዲያው ታውቁታላችሁ። ከሌላ እንስሳ ነው ግን የምታውቁት። ቆዩ፣ እንደርስበታለን።

ፊልሙ ምን ጎደለው? ጸጥታ። ጥንቸሉ አንድ ጊዜ እንኳ ቆሞ አያስብም። አንዱ ቀልድ ሳያልቅ ሌላው ይመጣል፣ ተመልካች ለመሳቅ እንኳ ፋታ አያገኝም። የማስታወቂያ ቤት አመል ይመስለኛል፤ ዝም ካልክ ሰዉ ይሄድብሃል የሚል ፍርሃት። ከዚያ በላይ ደግሞ ጥንቸሉ ለምን እንዲህ እንደሚሆን አናውቅም። በቃ ለይቶለታል። ያበደ ሰው ለአምስት ደቂቃ ያስቃል፣ ከዚያ በኋላ ያደክማል።

ሃርዳዌይና ዳልተን በ1938 እና በ1939 በርካታ ፊልም ሠሩ። ከርዕሶቻቸው እንኳ የሃርዳዌይ ጣዕም ይታያል፤ የቃላት ጨዋታ ይወዳል፣ ያውም ሰው ፊቱን የሚያጨማድድበትን ዓይነት። ሲቢስኪት የሚባል የእሽቅድምድም ፈረስ በ1938 አሜሪካን ሲያነጋግር፣ እሱ በዓመቱ ፖርኪን ቲቢስኪት የሚባል ፈረስ ላይ አስቀመጠው፤ «ሲ» ባሕር፣ «ቲ» ሻይ መሆኑ ነው። እንዲህ ነው ሰውየው።

ስሙ የመጣው ከዚህ ላይ ነው። በ1939 ጥንቸሉ ለሌላ ፊልም ሲፈለግ መልኩን እንዲያስተካክል ለቻርሊ ቶርሰን ተሰጠ። ቶርሰን የአይስላንድ ዝርያ ያለው የዊኒፔግ ካናዳዊ ነው፣ ከዲዝኒ የመጣ፣ ትንንሽ እንስሳት መሣል የተካነ። አኒሜተሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ገጸ ባሕርይ እንዲሥሉ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ የሚያሳይ አንድ ወረቀት ይዘጋጃል። ቶርሰን ጥንቸሉን ግራጫና ነጭ አድርጎ ሣለውና ወረቀቱ ላይ «የባግስ ጥንቸል» ብሎ ጻፈበት። ሌላ ምንም ትርጉም የለውም። የቢሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ ምሳ ዕቃ ላይ ስም እንደመጻፍ ነው፤ ይሄ የባግስ ነው፣ እንዳይነካ። ወረቀቱ በስቱዲዮው ዞረ፣ ስሙ ተለጠፈ። ኤቨሪ ሌላ ስም ነበር የሚፈልገው፣ አልተሳካለትም። በጃንዋሪ 1941 «ባግስ ባኒ» የሚለው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በፊልም ላይ ሲወጣ ባለስሙ ሃርዳዌይ ስቱዲዮውን ለቆ ሄዷል።

ለምን ለቀቀ? ፍሬለንግ በኤምጂኤም አልሆነለትም፣ በ1939 ተመለሰ። ወንበሩም ተመለሰለት። ሃርዳዌይ እንደገና ጸሐፊ ሆነ። በ1940 ዕቃውን ሰብስቦ ዎልተር ላንትዝ ዘንድ ሄደ።

በዚያው ዓመት፣ በጁላይ 27፣ ኤቨሪ የራሱን የጥንቸል አደን አወጣ። ሁለቱን ፊልሞች አከታትላችሁ እዩ፣ ከማንም የፊልም ትምህርት በላይ ነው። ታሪኩ አንድ ነው፤ አዳኝ፣ ጫካ፣ የማይፈራ ጥንቸል። ቦብ ጊቨንስ የሚባለው ሠዓሊ ጥንቸሉን አስረዘመው፣ ትከሻ ሰጠው። ኤቨሪ ግን ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አደረገ፤ ዝም አሰኘው። አዳኙ ጉድጓዱ ላይ ጠመንጃ ደግኗል። ሁላችንም ጥንቸሉ ወይ እንዲሸሽ ወይ እንዲያብድ እንጠብቃለን። እሱ ከጉድጓዱ ወጥቶ ካሮቱን ቆረጥ ያደርግና «ምን አዲስ ነገር አለ ዶክተር?» ይላል፣ ቀዝቀዝ ብሎ። አነጋገሩ ኤቨሪ በዳላስ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እያለ ልጆች ሁሉ የሚሉት ነበር። ሲኒማ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፣ ፊልሙም ለኦስካር ታጨ።

እንግዲህ ባግስ ባኒን ማን ፈጠረው የሚለው ክርክር ለአሥርት ዓመታት ቆይቷል። ክላምፔት በ1970ዎቹ ስለራሱ ድርሻ ሰፋ አድርጎ ሲያወራ ጆንስ ተቆጥቶ የተቃውሞ ደብዳቤ እስከመጻፍ ደርሷል። ሽማግሌዎች በጥንቸል ተጣሉ፣ ምን አለፋችሁ። ሃርዳዌይ ያን ጊዜ ሞቷልና የሚከራከርለት አልነበረም። እኔ ብጠየቅ ጥንቸሉ የኤቨሪ ነው እላለሁ፣ ያለ ማመንታት። ሃርዳዌይን ተዘረፈ ብለው የሚያለቅሱለት ጽሑፎች አንብቤአለሁ፣ አልተዋጠልኝም። የ1938ቱን ፊልም ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ግን ደግሞ «ስሙ በድንገት ተለጠፈ እንጂ ምንም አላደረገም» የሚሉትም አይገባኝም። ኤቨሪ ያቀዘቀዘው የጋለ ነገር ስለነበረ ነው። ያንን ያጋለው ሃርዳዌይ ነው።

ይሄ ነገር ትንሽ የሚነካኝ ምክንያት አለው። አንድ ጊዜ ለመድረክ አስቂኝ ጭውውት እጽፍ ነበር። አንዱን የጻፍኩትን ያነበበ ባልደረባ ሌላ መድረክ ላይ ሲያቀርበው አየሁት፣ ስሜም አልተጠራ። በጣም ነው የተናደድኩት። በጣም የተናደድኩት ደግሞ ከእኔ አሳምሮ ስላቀረበው ነው። እኔ አምስት ጊዜ የተናገርኩትን እሱ አንዴ ተናግሮ፣ ተሰብሳቢውን ዝም ብሎ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ሰዉ መሬት ላይ ተንከባለለ። ጭውውቱ የማን ነው? ዛሬም መልስ የለኝም፤ የዚያን ቀን ክፍያ ግን የማን እንደነበረ አውቃለሁ።

ወደ ሰውዬአችን። ላንትዝ ለዩኒቨርሳል ካርቱን የሚሠራ፣ በጀቱ ትንሽ፣ ጸባዩ መልካም የሚባል አምራች ነበር። ያኔ የሚታወቀው አንዲ በሚባል ፓንዳ ነው፤ ልብ የሚያባባ፣ ጨዋ፣ አሰልቺ። ሃርዳዌይ ገባና ወዲያው ምን እንዳደረገ ገምቱ። በኖቬምበር 1940 በወጣው «ኖክ ኖክ» ፓንዳዎቹ ቤታቸው ተቀምጠው ሳለ ጣሪያው ይበሳል። የሚበሳው ግንደ ቆርቁር ነው፣ ዓይኑ የተንሸዋረረ፣ ለይቶለት ያበደ። ትንሹ አንዲ ወፍ ጭራው ላይ ጨው ከነሰነስክበት ይያዛል የሚለውን የሕፃናት ወግ ሰምቶ ጨው ይዞ ያሳድደዋል። ይሠራልም! መጨረሻ ላይ ነጭ ጋውን የለበሱ ሁለት ግንደ ቆርቁሮች ከአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሊወስዱት ይመጣሉ፤ እነሱ ከእሱ ብሰው ያረፉ እብዶች ናቸው። ግሩም መጨረሻ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሃርዳዌይ ያችኑ ቀልድ በጥንቸል ከተናገረበት የተሻለ አድርጎ በወፍ ተናገራት።

ሳቁስ? ያው ሳቅ ነው። ብላንክ ለጥንቸሉ የሳቀውን ሳቅ ለግንደ ቆርቁሩ ሳቀለት። ኤቨሪ ጥንቸሉን ጨዋ ሲያደርገው ሳቁ ሥራ ፈት ሆኖ ነበርና አዲስ ባለቤት አገኘ። እንዲህ ነው ዉዲ ዉድፔከር የተወለደው።

ላንትዝ ግን ሌላ ታሪክ ነው ለጋዜጠኞች የሚነግረው። ከባለቤቱ ከግሬስ ስታፎርድ ጋር ለጫጉላ ሽርሽር ሐይቅ ዳር ጎጆ ተከራይተው፣ አንድ ግንደ ቆርቁር ጣሪያቸውን ሲቀጠቅጥ እንቅልፍ ነሥቷቸው፣ እሷም «ለምን ካርቱን አታደርገውም?» አለችው ይላል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ችግሩ የተጋቡት ፊልሙ ከወጣ በኋላ መሆኑ ነው። ላንትዝን ውሸታም ለማለት አይደለም፤ ማስታወቂያ ክፍሎች እንዲህ ያለ ታሪክ ይወዳሉ፣ ደጋግሞ የተናገረው ሰውም በመጨረሻ ያምነዋል። ግን የጫጉላው ታሪክ ሃርዳዌይን ከመሃል ያወጣዋል። ለጋዜጣ ምን ይበጃል፣ የፍቅር ጎጆ ወይስ ሦስት ዓመት አንድ ቀልድ ሲያገላብጥ የከረመ ደሞዝተኛ?

የላንትዝ ቤት ዓመታት የሃርዳዌይ ምርጥ ዓመታት ናቸው ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም ጻፈ እንጂ አልመራም። በ1944 ሼመስ ኩልሄን የሚባል ፈጣን ዳይሬክተር ዉዲን ፀጉር አስተካካይ ያደረገበትን ፊልም ሠራ፤ ታሪኩን የጻፉት ሃርዳዌይና ሚልት ሻፈር ናቸው። ዉዲ የሮሲኒን ኦፔራ እየዘፈነ ምላጩን ሲያወናጭፍ ምስሉ ከዘፈኑ ጋር እየፈጠነ እየፈጠነ ይቆራረጣል፣ የተቀመጠው ደንበኛ ላብ ያጠምቀዋል፣ እኛንም። ሃርዳዌይ የሰጠው እብደት ነው፣ ኩልሄን ሰዓት ሰጠው። ከሃርዳዌይ ሥራ አንድ ብቻ የማየት ጊዜ ካላችሁ ይሄንን እዩ።

ከዚያ ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነገር መጣ። ብላንክ ከዋርነር ጋር ውል ገብቶ ከሌላ ቤት መሥራት አልቻለም። ከእሱ በኋላ ዉዲን ሲናገር የነበረው ወጣቱ ኬንት ሮጀርስ በጦርነቱ ጊዜ ሞተ። ላንትዝ አዲስ ተዋናይ ከመቅጠር ይልቅ ቀልድ ጸሐፊውን ማይክሮፎን ፊት አቆመው። ከ1944 ጀምሮ እስከ አርባዎቹ መጨረሻ ዉዲ ሲናገር የምትሰሙት ሃርዳዌይን ነው፣ ቀረጻው ፈጠን ተደርጎ። የሚስቀው ግን ሌላ ሰው ነው። የብላንክ የድሮ ቀረጻ ተቀምጦ ስለነበር ሳቁ ሲያስፈልግ እሱን ያስገቡ ነበር። አንድ ወፍ፣ ሁለት ጉሮሮ። ለዓመታት ግድግዳ ፊት ቆሞ እንስሳ ሲሆን የኖረ ሰው በሃምሳ ዓመቱ አካባቢ ድምፁ በየሲኒማ ቤቱ ተሰማ፤ ያውም ስሙ በድምፅ ተዋናይነት ሳይጻፍ።

በ1949 ላንትዝ ገንዘብ አጠረውና ስቱዲዮውን ዘጋ። ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ ሲከፍተው ሃርዳዌይ አልተመለሰም። ለዉዲ አዲስ ድምፅ ሲፈለግ ግሬስ ስታፎርድ ስሟን ሳትናገር ድምፅዋን ቀድታ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለችው፣ ባሏም ሳያውቅ መረጣት። እሷ ሳቁንም ራሷ ሳቀችው፣ ንግግሩንም ራሷ ተናገረችው፤ የዉዲ ድምፅ ሆና ለአሥርት ዓመታት ቆየች።

ሃርዳዌይ በፌብሩዋሪ 1957 ሞተ፣ 61 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ኤቢሲ ቴሌቪዥን የዉዲ ዉድፔከርን ፕሮግራም ጀመረ። የድሮዎቹ ፊልሞች ተመልሰው ወጡ፤ በመሃል በመሃሉ ላንትዝ ራሱ ብቅ እያለ ካርቱን እንዴት እንደሚሠራ ለልጆች ያስረዳ ነበር።